ተአምርና ጉልበት

ጃፓናዊው ዲሬክተር ኮን ኢቺካዋ በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ባቀረበው «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ፊልም ውስጥ ካሜራው በአበበ ቢቂላ ፊት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ፊቱ ምስጢሩን አያወጣም። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥቅምት 11 ቀን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ አዲስ የዓለም ሪኮርድ አስመዘገበ፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ወዲያውም በሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።

ከያንያኖቻችን ይህን ታሪክ ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ ወደ ተአምሩ ይቸኩላሉ፤ በሽታው በአንድ ስንኝ ይጠቀስና በሚቀጥለው የድል መለከት ይነፋል። በቡሬ ቆላ ከወባ ተነሥቶ እርፍ የሚጨብጥ ገበሬ ግን በዚህ አይታለልም፤ የመጀመሪያው ትልም ጉልበትን እንዴት እንደሚያብረከርክ ያውቃልና። እርሱ የሚያምነው የኢቺካዋን ዝምተኛ ፊት ነው።

ካሜራው ግን ያገኘው ሯጩን እንጂ ሕመምተኛውን አይደለም። ከሆስፒታሉ አልጋ እስከ መነሻው መስመር ያሉት ሳምንታት፣ አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ብቻቸውን የተፋጠጡባቸው ቀናት፣ የተውኔት ጸሐፊ ሥራ ናቸው።