ለጓሮ ድንጋይ መርማሪዎች

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳር ባለው በሳንሱሲ ሰፈር ጓሮ የወጣን ድንጋይ አገላብጦ ማንነቱን የሚለይ ሰው ምስጋና ይገባዋል። መሣሪያው ሚስማርና ሆምጣጤ ብቻ ቢሆንም ሥራው ግምት አይደለም፤ ሚስማር የኖራ ድንጋይን ይጭራል፣ ኳርትዝን ግን አይጭርም። ሆምጣጤ ሲነካው የኖራ ድንጋይ አረፋ ይደፍቃል፣ ጥቁሩ ባዛልት ግን በአብዛኛው ምንም አይሆንም።

“ያለ ቤተ ሙከራ ምን ይታወቃል?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የማዕድን ስብጥር በሚስማር አይለካም። የዚህ ልማድ ዋና ዋጋ ግን የተሳሳተውን መልስ ቶሎ ማስወገዱ ነው። አካባቢው የወጨጫ ተራራን የመሰለ የጠፋ እሳተ ገሞራ የሚጎራበተው፣ ቅሪተ አካልም ብዙ የማይጠበቅበት በመሆኑ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ላይ የሚታይ የቅጠል ቅርጽ ቅሪተ አካል ከመባሉ በፊት የማንጋኒዝ ዝቃጭ አለመሆኑ ይጣራል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ዓይን ባይኖር፣ በመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ የጥንት ሰዎች የጠረቡት ባልጩት ከተራ ስባሪ ጋር ተደባልቆ በቀረ ነበር።