የባሕር መንገድ መጻሕፍትን ስለ መምረጥ

በልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ አንባቢው ይቀየማል እንጂ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። የመርከብ አመራር መጽሐፍ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስለዚህ ጀልባ መንዳትና መርከብ መምራት ለመማር የሚያስቡ ወጣቶች፥ እንዲሁም ለተማሪ ቤት መጻሕፍት የሚገዙ ሹማምንት ሊመለከቱት የሚገባውን ጥቂት ልንናገር ወደናል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

እኛ ራሳችን ቀድሞ በዚህ ነገር ተታለናል። ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ጀርባው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ወፍራም የመርከበኞች መጽሐፍ አይተን ያለ ብዙ ክርክር ገዛነው። ስለ ገመድ አቋጠር የሚናገረው ክፍል እስከ ዛሬ ይወደዳል፤ ቋጠሮ አያረጅምና። የመተላለፊያ ደንቡ ግን የ1960 ነበር። መርከቦች እንዳይጋጩ ዛሬ የሚጠበቀው ዓለም አቀፍ ደንብ በ1972 ተወስኖ በ1977 ሥራ ላይ የዋለ ነው። እንደ ባብ ኤል መንደብ ባለ ጠባብ ስፍራ መጪውና ሂያጁ መርከብ በተለያየ መስመር እንዲያልፉ የሚያዘው አንቀጽ በእኛ መጽሐፍ ውስጥ ከቶ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው በ1802 የታተመው የአሜሪካዊው የናትናኤል ባውዲች መጽሐፍ ነው። የተወለደውም ሌላውን ከማረም ነው። በዚያ ዘመን መርከበኞች ይመሩበት የነበረው የጆን ሐሚልተን ሙር መጽሐፍ ሰንጠረዦቹ በሺህ የሚቈጠር ስሕተት ነበረባቸው፤ ይልቁንም 1800ን ባለ 366 ቀን ዓመት አድርጎ ቈጥሮት ነበር። በግሪጎርዮስ አቈጣጠር ግን የመቶ ዓመት መዝጊያ ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን የለውም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረግ የለመድን እኛ በሙር ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ነገር ግን ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወራት የፀሐይ ስፍራ በአንድ ቀን ቢሳሳት የመርከቡ ስፍራ 24 የባሕር ማይል ያህል ይሳሳታል፤ ይህም በሌሊት ከዓለት ጋር ለመገናኘት ይበቃል።

ባውዲች እየታረመ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የአሜሪካ መንግሥትም በኮምፒዩተር ያለ ዋጋ ያድለዋል። ሆኖም ለጀማሪ እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ይጠቀምበታል፥ የማያውቅ ግን በሒሳቡ ይሰጥማል።

ለጀማሪ የሚስማማው በ1917 በትንሽ መማሪያነት የተጀመረው የቻርልስ ቻፕማን መጽሐፍ ነው። አነጋገሩ የዋህ ነው፤ ሥዕሉም ብዙ ነው። ነውሩ ለአሜሪካ ውሃ መጻፉ ነው፤ ይህም የደራሲው ጥፋት አይደለም። በአሜሪካ ወደ ወደብ የሚገባ መርከብ ቀዩን ተንሳፋፊ ምልክት በስተ ቀኙ ያደርጋል። በአውሮፓ፥ በአፍሪካና በቀይ ባሕር ግን በስተ ግራው ነው። የአገራችን ዕቃ በሚራገፍበት በጅቡቲ ወደብ ቻፕማንን ብቻ አጥንቶ የመጣ ተማሪ መሪውን ወደ ጥልቁ ያዞርሁ ሲመስለው ወደ አሸዋው ያዞራል። ሳተላይት ያለበትን ስፍራ ቢነግረውም ምልክቱን አያነብለትም።

እንግዲህ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ቻፕማንን ለንባብ፥ የ1972ን ደንብ ለጥናት፥ የሚሄዱበትን ውሃ ካርታ ለሥራ መግዛት ይሻላል እንላለን። ካርታውም የታረመበት ቀን በግርጌው ካልተመለከተ፥ ዋጋው ቢረክስም ባንገዛው እንወዳለን።