ከቤት የወጣ የዓድዋ ልብስ፦ ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል?

የካቲት ሲጋመስ ልጆች ከትምህርት ቤት ማስታወሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ለዓድዋ በዓል የአርበኛ ልብስ ለብሰው እንዲገኙ። ወላጅ ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የሚያብለጨልጭ ካባና ጎፈር ለሚያከራይ ሱቅ መክፈል፣ ሁለተኛው የቤቱን ቁም ሣጥንና ዕቃ ቤት መፈተሽ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ወጪ ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ በደንብ የተሠራ የቤት ልብስ ከኪራዩ ይልቅ ለታሪኩ ይቀርባል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ጦር ወደ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል። አብዛኛው ገበሬ ነበር። ስንቁን ከጓዳው አሰናድቶ፣ እቤቱ የተፈተለና የአገሩ ሸማኔ የሠራውን ጥጥ ለብሶ፣ ብዙው በባዶ እግሩ ተጉዞ ነው የደረሰው። ጌጠኛ ለምድና የአንበሳ ጎፈር የመኳንንቱና በጀግንነታቸው የተሸለሙ ሰዎች ማዕረግ ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በሳቲን ካባ ሲሰለፍ ሁሉም ራስ፣ ሁሉም ደጃዝማች የሆነበት ጦር ይሆናል። የእናት አሮጌ ነጠላ ወገቡ ላይ የታጠቀ፣ ጋሻውን ራሱ የቀባ ልጅ ግን ድሉን ያመጣውን ሰው ይመስላል።

ይህ ማለት ከቤት የወጣ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በችኮላ የተለጣጠፈውንና ታስቦበት የተሠራውን የሚለዩ ምልክቶች አሉ።

ከሩቅ ሲታይ

ልብሱን ከሃያ እርምጃ ርቀት ማየት ይጀምሩ። ከዚያ ርቀት ጥልፍና ጌጥ አይታይም፤ የሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው። ልጁ ማን እንደሆነ ከዚያ ካልታወቀ ቀርቦ ማየቱ አያድነውም።

መጀመሪያ ወገቡን ይመልከቱ። ዘማች ታጣቂ ነው፤ ነጠላውን እንደ እንግዳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አይሄድም። ጥሩ ሥራ ላይ የወገቡ መታጠቂያ፣ ድጉ፣ በወርዱ ተጣጥፎ፣ ወገቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል። ፒን ወይም የሱሪ ቀበቶ ከታየ ሥራው አልተጨረሰም። ጎራዴ ካለ በየት በኩል እንደተንጠለጠለም ይዩ። የድሮ ኢትዮጵያዊ ዘማች ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኙ ነበር፤ በግራ የታጠቀ ልጅ የውጭ አገር ፊልም ያየ ሰው ያለበሰው ነው።

ሁለተኛው ምልክት ዘመን አለመቀላቀሉ ነው። ካኪ ኮትና ተነፋነፍ ሱሪ፣ ከጎፈሬ ጋር፣ ይበልጥ የሚያስታውሰው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋጉትን አርበኞች ነው። ያ ልብስ ሚያዝያ 27፣ በአርበኞች ቀን፣ ይዋብ። ለዓድዋ ነጭ እጀ ጠባብ፣ ነጭ ሱሪ፣ ድግና ጋሻ ይበቃል። ነጭ እጀ ጠባብ ከሌለ የአባት አሮጌ ሸሚዝ ኮሌታው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ እጅጌው በክር ጠበብ ተደርጎ ያገለግላል።

ለሴት ልጅ የመጀመሪያው ሐሳብ እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ተገቢም ነው። በዓድዋ ሥዕሎች ላይ በፈረስ ተቀምጠው፣ ሽጉጥ ይዘው ይታያሉ። ነገር ግን ስንቅ ያዘጋጁ፣ ውኃ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ ያነሱ ሴቶችም ከጦሩ ጋር ዘምተዋል። ሹሩባ የተሠራች፣ ቀሚሷን በመቀነት ጠበቅ ያደረገች፣ ቅል በትከሻዋ ያንጠለጠለች ልጅ እነሱን ትወክላለች፤ ወጪዋም ከምንም አይቆጠርም። እዚህ ላይ የሚመረመረው የነጠላዋ ጥለት ነው። ጥለቱ ወደ አንገትና ፊት ከወጣ የሐዘን አለባበስ ነው፤ በበዓል ቀን ወደ ታች መውረድ አለበት። ይህን ያስተዋለች እናት ሌላውንም እንዳልዘነጋች ይታወቃል።

ጎፈሩን በእጅ

የሥራው ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታየው ጎፈሩ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቢጫ ሰው ሠራሽ ጠጉር ነው። የአዲስ አበባ አንበሶች የሚታወቁት ግን በጥቁር ጎፈራቸው ስለሆነ ቢጫው ገና ከጅምሩ ስህተት ነው።

ለቤት ሥራ ከቃጫ የሚሻል የለም። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀለም ይቀበላል። ብልህ ሠሪ ቃጫውን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። አንዱን በወፍራም ሻይ፣ ሁለተኛውን በቡና አተላ ያፈላዋል፤ ሦስተኛውን ጥቁር ቀለም ያስገባዋል። ሲደርቁ ሻይ የነካው ወደ ግንባር፣ ቡናው ወደ ጎን፣ ጥቁሩ ወደ ኋላ ይመጣል። አንድ ወጥ ቀለም ያለው ጎፈር ከሩቅ ባርኔጣ ይመስላል፤ እንዲህ የተደበላለቀው ግን ነፍስ አለው።

አሁን ገልብጠው ይዩት። ጥሩ ጎፈር ላይ እያንዳንዱ የቃጫ እፍኝ ለሁለት ታጥፎ፣ ሰፊ ላስቲክ ላይ ዞሮ፣ ጫፉ በራሱ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ተጠብቋል። ቋጠሮዎቹ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ላስቲኩ ከላይ ጭራሽ አይታይም። በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ግን የውስጥ ጎኑ ድርቅ ያለና የሚሻክር ይሆናል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጎፈሩን በእጅ ይዞ ሦስት ጊዜ ማራገፍ። ቋጠሮው አንድም የቃጫ ዘለላ አይጥልም፤ ሙጫው ወለሉን ይሞላዋል።

ርዝመቱንም ይለኩ። ግንባር ላይ ሁለት ጣት፣ ጆሮ አካባቢ አንድ ስንዝር፣ ማጅራት ላይ ከዚያ ዘለግ ማለት አለበት። ከግንባሩ ያልተቆረጠ ጎፈር የልጁን ዓይን ይሸፍናል፤ ልጁም ቀኑን ሙሉ ሲገፋው ይውላል። በመጨረሻ ጣትዎን በላስቲኩ ውስጠኛ ጎን ያሳልፉ። ቃጫ ቆዳ ያሳክካል፤ ስለዚህ የሚያስብ ሠሪ ከአሮጌ ካናቴራ አንድ ቅዳጅ ወስዶ ግንባር የሚነካውን ክፍል ይለብደዋል። ይህ ቅዳጅ ለማንም አይታይም፤ ልጁ ጎፈሩን እስከ መጨረሻው አድርጎት የሚውለው ግን በእሱ ምክንያት ነው።

ጋሻው

እውነተኛው ጋሻ ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የሚሠራ፣ ክብና መሐሉ ወደ ውጭ ያበጠ ነው። የቤት ሥራ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው ካርቶን በክብ ቆርጦ ቀለም ይቀባና ያቆማል። ጠፍጣፋ ጋሻ ሰሐን ነው። መፍትሔው ምንም ገንዘብ አይፈልግም። ክቡ ካርቶን ከጠርዙ እስከ መሐሉ በአንድ መስመር ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ጠርዞች አራት ጣት ያህል ተደራርበው ሲጣበቁ መሐሉ ያብጣል። የቴሌቪዥን ወይም የማቀዝቀዣ ካርቶን ወፍራም ስለሆነ ቅርጹን ይይዛል።

ላዩን በአሮጌ ጥቁር ወይም ቡናማ ጨርቅ መልበድ ከቀለም ይሻላል። ከፉርኖ ዱቄት በቤት የሚበስል ማጣበቂያ ጨርቁን ከካርቶኑ ጋር ያዋህደዋል፤ ሲደርቅም እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ጌጡ ከብስኩት መጠቅለያ ብርማ ጎን የተቆረጠ ቀጭን መስመር ቢሆን በቂ ነው። ከጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ያለበትን ጋሻ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አልቀበልም፤ ልጅ በሚጋፋበት ሰልፍ ውስጥ ስለት ነው።

ጀርባውን ያዙሩት። መያዣው በሁለት ቀዳዳ አልፎ ከፊት በኩል ከጌጡ ሥር የተቋጠረ የጨርቅ ማሰሪያ መሆን አለበት። በአንድ ጣት አንጠልጥለው ይዩት፤ ወደ ጎን ካላዘነበለ ሠሪው ለክቶ ሠርቷል። መጠኑ ከልጁ ክርን እስከ ጣቱ ጫፍ ቢሆን ክንዱን አያደክመውም። በእጁ የሚይዘው ጦር ካለም ከልጁ ቁመት አይብለጥ፤ ዘንጉ ሸምበቆ፣ ጫፉ ድርብ ካርቶን ሆኖ ዱልዱም ይሁን።

ሲፎክር ይታይ

የቆመ ልጅ ላይ ሁሉም ልብስ ያምራል። ስለዚህ አስፎክሩት። እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ እጀ ጠባቡ ከድጉ ሥር ከተመዘዘ አጭር ነው። ሲዘል ድጉ ከላላ አስተጣጠቁ ልል ነው። መሬት ላይ ሲቀመጥ ሱሪው ከጠበቀ ሠሪው የለካው ልጁ ቆሞ ሳለ ብቻ ነው። ለምድ ካለበት ማሰሪያው ደረት ላይ እንጂ አንገት ላይ እንዳይሆን አጥብቀው ይዩ፤ ጓደኛው ከኋላ ቢጎትተው እንዳያንቀው። ደግሞም ልጁ ያለ ሰው እርዳታ ፈትቶ መጸዳጃ ቤት መግባት ይቻለው እንደሆነ ይጠይቁ። ባዶ እግር ለታሪኩ ቢስማማም ለአስፋልት አይሆንም፤ ጌጥ የሌለው ሰንደል ጫማ ይበቃዋል።

ቁጠባው የት ላይ ነው?

እውነተኛ ቁጠባ የሚታወቀው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። በጥሩ ሥራ ውስጥ ያልተቆረጠ ነገር ይበዛል። ነጠላው ተጣጥፎ፣ በእጅ ሰፋ ሰፋ ብሎ በነጭ ክር ተይዞ ከነበረ ክሩ ይመዘዝና ለእናቱ ይመለሳል። የሱሪው ቅምቀማ ሦስት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ከያዘ ለከርሞ ይለቀቃል። ለምዱ ከአሮጌ የመጋረጃ ከፈይ ከሆነ ጫፉ ላይ የሚንጠለጠሉት ዘለላዎች ብቻ ይቆረጣሉ፤ እነሱም ከልብስ ሰፊ ቤት በሚወድቅ ቁርጥራጭ ሊሠሩ ይችላሉ።

ገንዘብ መውጣት ያለበት በሦስት ነገር ላይ ነው፤ በቃጫ፣ በሰፊ ላስቲክና በጠንካራ ክር። እነዚህ ሸክም ይሸከማሉ፤ ርካሻቸው በሰልፉ መሐል ይበጠሳል። ሌላው ከቤት ይወጣል፤ ከቤት ከጠፋ መርካቶ ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ደህና ነጠላ ላይ ሙጫ ማፍሰስ፣ ወይም ለአንድ ቀን የሚሆን የፕላስቲክ ጎራዴ መግዛት ቁጠባ አይባልም።

ጊዜ ላጠረው ወላጅ የመተው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ለምዱን ይተው፤ ቀጥሎ ጎራዴውን፤ ከዚያ ጎፈሩን፤ በእሱ ፈንታ ለልጁ ነጭ ሻሽ ግንባሩ ላይ ይሰርለት። ድጉንና ጋሻውን ግን አይተው። ጋሻውንም ብቻውን አይሥራው፤ ካርቶኑን ልጁ ይቁረጥ፣ ማጣበቂያውን ልጁ ይቀባ፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነና ማን ይይዘው እንደነበር በሥራው መሐል ይነገረው። ስለ ያዘው ጋሻ ተጠይቆ መመለስ የሚችል ልጅ ልብሱ በደንብ ተሠርቶለታል።