ግላኮማ፦ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ነርቭ

በዳባትና በደባርቅ፣ እንዲሁም ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች፣ የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ የሄደ አረጋዊ «ሞራ ነው፤ እስኪበስል ይጠብቁ» ቢባሉ ምክሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ሕመሙ ሞራ ከሆነ የዘገየው ብርሃን በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ግላኮማ ከሆነ ግን በመጠበቅ የጠፋው ብርሃን በምንም ሕክምና አይመለስም። ይህ ማምታታት የገጠር ስሕተት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የሕክምና ዕውቀት ራሱ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የኖረበት ነውና።

«ግላኮማ» የሚለው ቃል የመጣው ከጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ሲሆን የሚያመለክተውም ሰማያዊ ወይም ግራጫ መሰል ቀለምን ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ ከአረጋውያን ሕመሞች ጋር ተቆጥሯል። በሽታው የተሰየመው በብሌን ውስጥ በሚታይ ቀለም በመሆኑ ሞራና ግላኮማ ሳይለያዩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1709 ፈረንሳዊው ሚሼል ብሪሶ ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ፤ ይሁን እንጂ ግላኮማን ከሌንሱ በስተጀርባ ባለው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጠው። አንዱን ስሕተት ሲያርም ሌላውን ተከለ።

የዓይን መጠንከርን እንግሊዛዊው ሪቻርድ ባኒስተር በ1622 ቢገልጸውም ዋናው ለውጥ የመጣው የሄልምሆልትዝ ኦፍታልሞስኮፕ በ1851 ይፋ ከሆነ በኋላ ነው። ጀርመናዊው አልብሬክት ፎን ግሬፈ የነርቩን ራስ በመሣሪያው ሲመለከት በመጀመሪያ ያበጠ መሰለው፤ ብዙም ሳይቆይ የጎደጎደ መሆኑን ተረዳ። በ1857 በአይሪስ ላይ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ድንገተኛውን ግላኮማ እንደሚያስታግስ አሳወቀ። ሆኖም ነርቩ ጎድጉዶ ሳለ ዓይኑ ያልጠነከረበትን ሕመም ከግላኮማ ውጭ አደረገው። የኔዘርላንዱ ዶንደርስ በ1862 ይህንኑ ያለ ሥቃይ የሚሠርቅ ሕመም ወደ ግላኮማ መለሰው።

ከሺዮትዝ የግፊት መለኪያ (1905) በኋላ ደግሞ ቁጥሩ በበሽታው ቦታ ተተካ። በአማርኛ የጤና ትምህርት ግላኮማን «የዓይን ግፊት» ብሎ መጥራት የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ስሙ ለማስረዳት ቢያመችም ያሳስታል። በ1991 የታተመው የባልቲሞር ጥናት ግላኮማ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ጊዜ ልኬት መደበኛ ግፊት እንደታየባቸው አሳይቷል። ግፊት ሊታከም የሚችል ዋነኛ አጋላጭ ሁኔታ ነው፤ የሚሞተው ግን ነርቩ ነው።

በ2006 የተካሄደው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የዓይን ጤና ዳሰሳ ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ሞራ 49.9 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ እንዳላቸው ዘግቧል። አኃዙ ለሥራ ዕቅድ የጠቀመ ቢሆንም የግላኮማን መጠን እንደሚያሳይ አድርጎ ማንበብ አይገባም። የሚቆጥረው ብርሃናቸውን ያጡትን ነው። ግላኮማ የዕይታን ዳር ቀድሞ እየበላ መሐሉን እስከ መጨረሻው ስለሚያቆይ፣ የ«ኢ» ሰሌዳን በደንብ የሚያነብ ታማሚ ከቆጠራው ውጭ ይቀራል። በተጨማሪም በ2004 በወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁት ሰዎች ከሦስት አንዱ በላይ፣ ለግላኮማ የሚያጋልጠው የሌንስ ቅርፊት መሰል ዝቃጭ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ሞራ መገኘቱ ግላኮማ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ታሪኩ ለወረዳ ባለሙያ የሚተወው ትምህርት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በጨለም ባለ ክፍል የእጅ ባትሪን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያፈራረቁ ማብራት በቂ ጅምር ነው። ሞራ ብቻ ያለበት ዓይን ብሌን ለብርሃን ፈጥኖ ይጠባል፤ ነርቩ ይበልጥ የተጎዳበት ብሌን ግን ብርሃኑ ሲዞርበት ይሰፋል። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ከተጎዱ ምልክቱ ሊሰወር ስለሚችል የነርቩን ራስ ማየት፣ ቤተሰቡንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የታማሚው ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች ከሌላው ሰው ይልቅ ተጋላጭ ናቸውና።

በዳባት እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የጥናት ማዕከል የሰውን ልደትና ሞት ለመመዝገብ የተተከለ ነበር። በዝምታ የሚጠፋ ብርሃንም እንዲሁ መዝጋቢ ይፈልጋል። «ሞራ ነው» የሚለው ቃል ከባለሙያ አንደበት መውጣት ያለበት ብሌኑ በብርሃን ከተመረመረ በኋላ ነው።