ምስጋናው ለብረቱ ነው ወይስ ለጎማው?

ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች ሲያወሩ ከሰማችሁ አንድ አባባል ጆሯችሁ መግባቱ አይቀርም፦ የብረት ብስክሌት ካለህ የትም ትደርሳለህ፣ ብረት ንዝረት ይውጣል፣ ቢሰበር እንኳ የትኛውም በያጅ ይጠግነዋል። ሙገሳው በተለይ የሚዘንበው በረጅም ጉዞ ብስክሌት ላይ ነው። ይህ ከአረብ ብረት ቱቦ የሚሠራ፣ ከፊትም ከኋላም ሻንጣ የሚጫንበት፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ አገር ለማቋረጥ የታሰበ ብስክሌት ነው። ሙገሳውን ያመነ ሰው ታዲያ አንድ ቀን አስፋልቱን ለቆ ድንጋይና የዛፍ ሥር ወደበዛበት የእግር መንገድ ይዞት ይገባል።

እኔ ሙገሳው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ለማይገባው የተሰጠ ምስጋና ነው እላለሁ። ነገሩ ደግሞ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንዱ ጎማ መቀየር ሲበቃው ገንዘቡን ውድ ቱቦ ላይ ያፈሳል፤ ሌላው ብረቱን ተማምኖ ቁልቁለት ላይ ክንዱን ይሰብራል። ስለዚህ እስቲ በፊዚክስ እንመዝነው።

ብረት እውነት ለስላሳ ነው?

መጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። ጥንካሬ ማለት አንድ ነገር ሳይሰበር ወይም ቅርጹን ሳይለቅ ምን ያህል ኃይል ይችላል ነው። ግትርነት ደግሞ ሲጫኑት ምን ያህል «አልታጠፍም» ይላል ነው። የአረብ ብረት የግትርነት መለኪያ ወደ 200 ጊጋፓስካል ነው፤ የአሉሚኒየም ወደ 70። እንግዲህ ቁሱን ብቻ ካየን ለስላሳ የተባለው ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ግትር ነው! ርካሹም ሆነ ውዱ አረብ ብረት በግትርነት እምብዛም አይለያዩም፤ ዋጋው የሚገዛው ጥንካሬን ነው።

ታዲያ ሰዎች የሚሰማቸው ልዩነት ከየት መጣ? ከቱቦው ቅርጽ። ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን፣ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀየር እንኳ ግትርነቱ 8 እጥፍ ያድጋል። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ሠሪዎች ቱቦውን በሰፊው ያሰፉታል። ከብረቱ እጥፍ ዲያሜትር ያለው የአሉሚኒየም ቱቦ ብንወስድ፣ 8 ሲባዛ በ70 ሲካፈል ለ200፣ 2.8 እጥፍ ግትር ይሆናል። ክብደቱ ግን የብረቱን 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጭን የብረት ቱቦ ትንሽ ይለጠጣል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ችግሩ ግን እዚህ ጋ ነው፦ የረጅም ጉዞ ብስክሌት ቱቦ ሻንጣ ሲጫንበት እንዳይወዛወዝ ሆን ተብሎ ይወፍራል። የሚወደስበትን ልስላሴ የሚቀንሰው የተሠራበት ዓላማ ራሱ ነው። በዚያ ላይ የብስክሌት ቴላዮ የሦስት ማዕዘኖች ጥምር ነው፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ በቀላሉ አይጎብጥም። ከታች ለሚመጣ ምት የቴላዮው መለጠጥ ከጎማው መጨመቅ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ታሪክ ያደረገልን ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዝ ውስጥ ረፍ ስታፍ ፌሎሺፕ የሚባል ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ በቀጭን ጎማ የጉዞ ብስክሌት የተራራ ዱካ ማቋረጥ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። የማይነዳ ቦታ ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ ይገፋሉ፤ ሲብስም ብስክሌቱን ትከሻቸው ላይ ይሸከማሉ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1976 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሪን ካውንቲ ወጣቶች «ሪፓክ» የተባለውን የቁልቁለት ውድድር ጀመሩ። ስሙ የመጣው ከፍሬን ነው፦ ፍሬኑ የኋላ ጎማው መሐል ስለነበር እየጋለ ግራሱን ያቃጥለዋል፤ ከወረዱ በኋላ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። ብስክሌቶቻቸው ያረጁ፣ ከባድ የአሜሪካ የሰፈር ብስክሌቶች ሲሆኑ የጎማቸው ስፋት 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ ቴላዮ መሥራት ጀመረ። ከምን? ከአረብ ብረት። በ1981 በብዛት ተመርቶ ለገበያ የወጣው ስታምፕጃምፐርም ብረት ነበር።

ልብ አላችሁ? በሁለቱም ወገን ቁሱ አንድ ነው። አንዱ ወገን ሲሸከም ሌላው ወገን እየበረረ ወረደ። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት የሆነ ነገር የልዩነታቸው ምክንያት ሊሆን አይችልም። እርግጥ ይህ የላቦራቶሪ ሙከራ አይደለም፤ እንግሊዞቹ ተራራ ማቋረጥ፣ ካሊፎርኒያዎቹ ቁልቁል መፍጠን ነበር የፈለጉት። ቢሆንም ጣቱ የሚጠቁመው ወደ ጎማውና ወደ ብስክሌቱ ቅርጽ ነው።

ሻንጣ ጉልበት የለውም

አሁን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው እርከን ወረዳችሁ እንበል። መሬቱ ሲቀበላችሁ ሰውነታችሁ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብቻ ከቆመ፣ የሚያርፍበት አማካይ ኃይል የክብደቱ 11 እጥፍ ነው። ከኮርቻ ተነስታችሁ በክንድና በጉልበት እጥፋት 20 ሴንቲ ሜትር ከተቀበላችሁት ግን 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ከማንኛውም ሞላ የሚሻለው ሞላ ጉልበታችሁ ነው።

ሻንጣው ግን ጉልበት የለውም። ከመጫኛው ጋር ተጠፍሮ፣ መጫኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ከቴላዮው ጋር ታስሯል። ምቱን የሚያበርድለት ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ ሻንጣ ጭኖ ድንጋያማ ዱካ የሚወርድ ሰው ከቴላዮው ይልቅ ለብሎኑና ለመጫኛው መስጋት አለበት።

የፔዳሉ ከፍታም ሌላ ጣጣ ነው። የረጅም ጉዞ ብስክሌት ተረጋግቶ እንዲሄድ ፔዳሉ የሚዞርበት መሐል ዝቅ ይደረጋል። 35 ሚሊ ሜትር ጎማ ባለው ብስክሌት ላይ፣ ይህ መሐል ከጎማዎቹ መሐል 78 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለና የፔዳሉ ክንድ 170 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ከመሬት የሚርቀው 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ይበቃዋል። በዚህ ላይ መሪው ከተራራ ብስክሌት መሪ በጣም ጠባብ ነው፤ ድንጋይ የፊት ጎማውን ሲጠመዝዘው የምትመልሱበት ክንድ ያጥርባችኋል።

የትም ይበየዳል?

ይህኛው አባባል እኛን በቀጥታ ይነካል፤ ምክንያቱም «አፍሪካ ውስጥ ብትሰበር እንኳ» እየተባለ ነው የሚነገረው። እንደ እውነቱ ከሆነ ጥሩ የብረት ቴላዮ ቱቦ መሐሉ ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር ይሳሳል። በር፣ መስኮትና አጥር በኤሌክትሮድ የሚበይድ የሰፈራችን ባለሙያ እጁ የቱንም ያህል ቢሰለጥን፣ እንዲህ ያለውን ስስ ቱቦ ሳይበሳ መበየድ ከባድ ፈተና ነው። የተሰበረው የብረት መጫኛ ከሆነ ግን አባባሉ ይሠራል፤ ቶሎ ይጠገናል።

ብረት በሐቅ የሚመሰገንበት ነገር ሌላ ነው፦ የድካም ወሰን። ጫናው ከተወሰነ መጠን በታች እስከሆነ ድረስ ብረት እጅግ ብዙ ጊዜ ቢመታም ላይሰነጠቅ ይችላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም። ብረት አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰበር በፊት ይጎብጣል ወይም ቀስ ብሎ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ላይ የዝገት መስመር ካያችሁ ማስጠንቀቂያ ነውና አትለፉት።

ፍርዱ

ለፒስታና ለደረቅ የአፈር መንገድ የረጅም ጉዞ ብስክሌት ግሩም ነው። በተለይ ቀላል ማርሹ ዳገት ላይ ባለውለታ ነው። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ግን ሥራው አይደለም፤ ብረትነቱም አያድነውም።

ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ አዲስ ብስክሌት ከመመኘታችሁ በፊት ቴላዮው የሚያስገባውን ሰፊውን ጎማ ግጠሙ። የኋላው ጎማ 60 ኪሎ ከተሸከመ፣ በ4 ባር አየር መሬት የሚነካው ስፋት 15 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ2 ባር 30 ገደማ ይሆናል። ቀጭን ጎማ ላይ አየር ብዙ ከቀነሳችሁ ግን ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፣ ካላማዳሪያውም ይበሳል፤ ለዚህ ነው ስፋቱ መቅደም ያለበት። ከዚያ ሻንጣችሁን አቅልሉ፤ አስጊ ቦታ ስትደርሱ ወርዳችሁ ግፉ።

እኔን አትመኑኝ፤ ሞክሩት። አንድ ኮረኮንች መንገድ ምረጡና በጎማው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ልክ ሳታልፉ፣ በሁለት የተለያየ የአየር መጠን በእኩል ፍጥነት ንዱበት። ብስክሌቱ ያው ብስክሌት፣ ብረቱም ያው ብረት ነው። እጃችሁ የሚነግራችሁን ልዩነት ጻፉትና ምስጋናው ለማን እንደሚገባ ራሳችሁ ፍረዱ።