በመስታወቱ ውስጥ ያለው እንጨት

ስለ ዮሐንስ ፌርሜር «የሙዚቃ ትምህርት» በተነሳ ቁጥር ከጓደኞቻችን አንዱ «ሆዳቸው የሞላ ከበርቴዎች ቤታቸው ሆነው ሲዝናኑ! ይኸ ለእኛ ምናችን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሐሰት ነው አልለውም። ግን ሥዕሉን ልብ ብሎ ያየው አልመሰለኝም።

ሥዕሉ በ1660ዎቹ መጀመሪያ ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ የተሠራ ነው። ብርሃን ከግራ በመስኮት ይገባል። ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቨርጂናል ትመታለች፤ ቁልፉን ሲጫኑት ክሩ የሚነቀል፣ ከፒያኖ የቀደመ መሣሪያ ነው። ከጎኗ አንድ ሰው በትሩን ይዞ ቆሟል። አስተማሪዋ ይሁን ወዳጇ ሠዓሊው አይነግረንም። ወለሉ ላይ በደጋን የምትመታ ትልቅ ቫዮላ ዳ ጋምባ ተጋድማለች፤ ተጫዋች የላትም። ከፊታችን ደግሞ ምንጣፍ የለበሰ ጠረጴዛ መንገዱን ዘግቶብናል። ደጅ ላይ ቆመናል፤ «ግቡ» ያለን ግን የለም።

ጉዱ ያለው ከራሷ በላይ በተሰቀለው መስታወት ነው። ከኋላዋ ስናያት ቀጥ ብላ ወደ ቁልፎቹ የምትመለከት ትመስላለች፤ በመስታወቱ ውስጥ ግን ፊቷ ወደ ሰውየው ዞር ብሏል። ሁለቱ አይገጥሙም። ስህተት ነው እንዳንል፣ የወለሉን ንጣፍ እንዲያ በልክ ያሰመረ እጅ አንገት ማዞር ያቅተዋል እንዴ? ለእኔስ ጀርባዋ የወግ ነው፤ ፊቷ የልቧ። በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ግማሹ የተቆረጠ ሌላ ሥዕል አለ፦ የታሰረ ሽማግሌ አባቱን ልጁ ጡቷን አጥብታ ያኖረችበት የሮማውያን ታሪክ ነው። ሰውየው ከዚያ እስረኛ አጠገብ መቆሙ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እዚያው መስታወት ውስጥ፣ ከፍ ብሎ፣ የሸራ ማቆሚያ እንጨት እግር ብቅ ብሏል። ፌርሜር ራሱን አልሣለም፤ የሥራ ዕቃውን ግን አልደበቀም። እነሱ ሲጫወቱ አንድ ሰው እየሠራ ነበር ማለት ነው እኮ!

የምወቅሰው በሌላ ነው። ያንን ወለል የወለወለችው ወዴት ሄደች? «ወተት ቀጂዋ» በተባለው ሥዕሉ የቤት ሠራተኛን በክብር ሥሏታልና አያውቃትም አይባልም። እዚህ ግን አስወጥቷታል፤ ክፍሉም የጸዳው በራሱ ይመስላል። ጓደኛችን ይህን ቢል ኖሮ አልከራከረውም ነበር።

ሥዕሉ በ1762 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ እጅ ሲገባ የሌላ ሠዓሊ ሥራ ነው ተብሎ ነበር፤ ዛሬም የዚያው ንጉሣዊ ስብስብ ነው። ሠዓሊው ግን በ1672 ፈረንሳዮች ሆላንድን ሲወሩ ሥዕል የሚገዛ ጠፋ፣ ዕዳ ተቆለለበት፤ በ1675 በ43 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ካታሪና ከ11 ልጆች ጋር ቀረች። በተከታዩ ዓመት፣ በ1676፣ ከ600 ጊልደር በላይ ለሆነ የዳቦ ዕዳ ሁለት ሥዕሎቹን ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠች። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያለው ሰው ሙዚቃ እየተጫወተ ነበር።