የአረጋዊው አሠልጣኝ ረዳትነት

ማሠልጠንን ሙያው ያደረገ ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ገብቶ፣ ትናንት እርሱ ያዝዝበት በነበረው ስፍራ ሌላው ሲያዝዝ እያየ፣ ዕውቀቱን ሳይሰስት ሥልጣኑን ግን ትቶ የሚያገለግልበት ጥበብ ከሙያችን ሁሉ እጅግ የረቀቀው ይመስለኛል። ይህን ባሰብሁ ቁጥር በልቡናዬ የሚመጣው፣ ሞላላው ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበትና በሚወረወርበት በአሜሪካ የኮሌጅ እግር ኳስ ስሙ የገነነው ኤሞስ አሎንዞ ስታግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1862 የተወለደው ይህ ሰው በዬል ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት ተምሮ ሰባኪ ሊሆን አስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ወጣቶችን በሜዳ ማነጽን ተልእኮው አድርጎ ከ1892 እስከ 1932 የቺካጎን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ካሠለጠነ በኋላ፣ በ70 ዓመቱ የጡረታ ደንብ ቢያሰናብተው ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በፓሲፊክ ኮሌጅ 14 የውድድር ዘመናት ቆየ። ከዚያም በ1947፣ 84 ዓመት ሞልቶት ሳለ፣ ልጁ ከ1935 ጀምሮ ቡድኑን ይመራ ወደ ነበረበት በፔንሲልቫኒያ ወደሚገኘው ሳስኩሃና ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ አባት ከልጁ ጎን ተባባሪ አሠልጣኝ ሆኖ እስከ 1952 አገለገለ። በመጨረሻም በካሊፎርኒያዋ ከተማ በስቶክተን በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ኳስ በእግር የሚመቱትን ተጫዋቾች ብቻ እየረዳ ኖሮ፣ በ98 ዓመቱ ሥራውን ተወ።

ይህን ጉዞ ከመዓርግ እንደ መውረድ የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን በአገራችን የቅኔ ሊቅ የቀድሞ ደቀ መዝሙሩ መሪጌታ ወደ ሆነበት ደብር ሲዛወር፣ የማሕሌቱን መሪነት ለባለ ሥልጣኑ ትቶ በተሰጠው ወገን በደስታ እንደሚቆመው አድርጌ አየዋለሁ።

በአሜሪካ ኮሌጆች የመስመር ተጫዋቾችን ሳሠለጥን ቆይቼ በዕድሜ ከሚያንሰኝ ዋና አሠልጣኝ ሥር በገባሁ ጊዜ የተረዳሁት፣ እያንዳንዱ ቡድን ለአንድ ዓይነት አካሄድ የየራሱን የምሥጢር መጠሪያ ስለሚሰጥ፣ አዲስ የመጣው መምህር የለመደውን መጠሪያ ትቶ የቤቱን ካላጠና፣ ሁለት ስም የሰማው ወጣት ኳሱ በተነሣበት ቅጽበት እግሩን ወዴት እንደሚያኖር እንደሚያመነታ፣ ለመስመር ተጫዋች ደግሞ ያች ቅጽበት የጨዋታው ሁሉ ዕጣ እንደሆነች ነው። ስለዚህ የውድድሩ ዘመን ሳይከፈት የቡድኑን ደብተር እንደ ጀማሪ ተማሪ አጠናለሁ፤ በልምምድ ያየሁትንም ጉድለት ከሜዳ ወጥተን ለዋናው አሠልጣኝ ለብቻው እነግረዋለሁ፤ ምክሬን ቢቀበል በማግሥቱ ቃሉ ከእርሱ አንደበት ይውጣ፤ ተጫዋቾቹ ሁለት ጌታ እንዳላቸው የተሰማቸው ቀን የቡድኑ ሥርዓት ይፈርሳልና።

ይህን ሥርዓት የማልጠብቅበት አንድ ነገር ብቻ አለ። ወጣቱ ተጋጣሚውን ይዞ ሊጥል ሲገባ አንገቱን ደፍቶ በራስ ቅሉ ጫፍ ሲወረወር ባየሁ ጊዜ፣ ያ አገባብ የአንገትን አከርካሪ ሰብሮ ዕድሜ ልክ ሽባ ሊያደርገው ስለሚችል፣ የማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ ልምምዱን አስቆማለሁ፤ ቀና ብሎ፣ ዐይኑን ከተጋጣሚው ደረት ሳይነቅል፣ በትከሻው እንዲገባም እዚያው አሳየዋለሁ፤ ወደ አዲስ ቡድን ስገባ ከደመወዝና ከማዕርግ አስቀድሜ ከዋናው አሠልጣኝ ጋር የምዋዋለውም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።